የመንግሥት ርዳታና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በደብረ ታቦርና በጋይንት

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ የሚጓዝ መንገደኛ በጉና ተራራ ግርጌ አድርጎ ገሳይን ካለፈ በኋላ የሚያገኘው አገር ጋይንት ነው። አገሩ በደጋው ብርድ የጠናበት፣ ከገብስና ከባቄላ በቀር ብዙ እህል የማይበረክትበት፣ ወደ ቆላው ሲወርዱም ዝናም የሚያጥርበት ስለ ሆነ በሀብት የሚጠራ አይደለም። ይሁን እንጂ በየአድባራቱ የቆሙ መሪጌቶች ስሙን በአክብሮት ያነሡታል። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ፣ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ በጋይንት ነውና። ከትግሬ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም ወይም ከሸዋ የመጣ ተማሪ ድጓውን በአገሩ ከዳር እስከ ዳር ተምሮ ቢጨርስ እንኳ ቤተ ልሔም ደርሶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ብሎ ወንበር ለመዘርጋት ይቸግረው ነበር።

እንዲህ ያለ ከፍተኛ ትምህርት በድኻ አገር ላይ ለብዙ ዘመን ሲኖር ወጪውን የቻለው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዳንዶች ነገሥታቱ ለቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ስለ ሰጡ ትምህርቱን ያኖረው መንግሥት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ተማሪው ለምኖ የበላ ስለ ሆነ መንግሥት ምንም አላደረገም ይላሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም መምህሩንና ተማሪውን ለይተው አላዩም። መምህሩ የሚኖረው በአንድ መንገድ፣ ተማሪው የሚኖረው በሌላ መንገድ ነበር። የመንግሥት ስጦታ የደረሰው ለመምህሩ ነው፤ እርሱም ቢሆን በቀጥታ አይደለም።

በሌላው ዓለም መንግሥታት የሃይማኖት ትምህርት ቤትን የረዱበትን መንገድ ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። እንግሊዞች እ. ኤ. አ. በ1854 በሕንድ አገር ባወጡት የትምህርት መመሪያ፣ የሚስዮን ትምህርት ቤቶችም ጭምር ከመንግሥት የገንዘብ ርዳታ እንዲያገኙ ፈቀዱ። በወርቅ ጠረፍ፣ በዛሬዪቱ ጋና፣ እ. ኤ. አ. በ1882 የወጣው ሕግም ለሚስዮን ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ዓይነት ርዳታ በደንብ ወሰነ። በዚህ ሥርዓት መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፤ ለሰጠውም ገንዘብ ተቆጣጣሪ ይልካል። ተቆጣጣሪው ተማሪውን ይቈጥራል፣ ያነብና ያሰላ እንደ ሆነ ይፈትናል፣ ትምህርቱ ከመንግሥት አሳብ ጋር መስማማቱን ይመለከታል። ስለዚህ የሚስዮኑ ትምህርት ቤት ገንዘቡን ሲቀበል የቅኝ ገዥውን ዓይን አብሮ ይቀበል ነበር።

በበጌምድር የነበረው ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ንጉሡ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን መሬት ነው፤ የሚሰጠውም ለትምህርት ቤት ሳይሆን ለታቦት ነው። በምላሹ የሚፈልገው የተማሪ ቍጥር አይደለም፤ ጸሎት ነው፣ ስሙ በቅዳሴው እንዲታሰብ ነው። ሆኖም ጸሎቱ ያለ ተማረ ሰው አይደርስም። ማሕሌቱ ድጓ የሚያውቅ፣ አቋቋሙ መቋሚያና ጸናጽል የሚይዝ፣ ቅዳሴው ድምፁን ያሠለጠነ ካህን ይፈልጋል። ይህም ካህን ሲያረጅ የሚተካው ሌላ መገኘት አለበት። ከዚህም የተነሣ መሬቱን የተቀበለ ደብር ሁሉ፣ የሰጠው ንጉሥ ስለ ትምህርት አንድ ቃል ባይናገር እንኳ፣ መምህር ማስቀመጡ ግድ ሆነበት። ትምህርት ቤቱ የታቦቱ ጥላ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ መሬቱ ዓይነት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ርስት ገበሬው ከአባት ከእናቱ የሚወርሰው የመሬት መብት ሲሆን፣ ጉልት ግን ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል መብት ነው። ንጉሥ ለቤተ ክርስቲያን ጉልት ሲሰጥ ገበሬውን ከርስቱ አያስነቅለውም፤ ለቤተ መንግሥት ይገባ የነበረውን ግብር ለደብሩ እንዲያገባ ያዝዘዋል እንጂ። ሪም የሚባለው ደግሞ በደብሩ ውስጥ አገልግሎት ላላቸው ሰዎች በየድርሻው የሚከፈል መሬት ነው። አለቃው፣ መሪጌታው፣ ቀኝ ጌታው፣ ግራ ጌታው፣ ቄሰ ገበዙ፣ ቀዳሹ፣ ዲያቆኑ ሁሉ እንደ ማዕርጉ ድርሻ አለው። «ሢሶ ለነጋሽ፣ ሢሶ ለቀዳሽ፣ ሢሶ ለአራሽ» የሚለው አባባል በብዙ ሰው አፍ ይነገራል፤ ነገር ግን ይህ የፍትሕ ምሳሌ እንጂ በገመድ ተለክቶ የተጻፈ ሒሳብ ስላልሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የአገሩን መሬት አንድ ሦስተኛ ይዛ ነበር ለማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የመሬቱ ስጦታ የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሆነ ማንም ሊፍቀው አይደፍርም፤ ስጦታውንም የሚያፈርስ የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይታሰራል። በጎንደር ዘመነ መንግሥት፣ ይልቁንም በ18ኛው ምዕት ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ከመሠረተች ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እጅግ በዛ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ በጌምድርና ስለ ጎጃም የመሬት ይዞታ ብዙ ዕውቀት ያገኙት ከነዚህ የወንጌል ኅዳጎች ነው።

እነዚሁ ጽሑፎች አንድ ሌላ ነገርም ያሳያሉ። ሪም ይሸጥና ይለወጥ፣ ለልጅም ይወረስ ነበር። ገዢውም ሁልጊዜ ካህን አይደለም፤ መኳንንትና ወይዛዝርትም የሪም ባለቤት ይሆኑ ነበር። የተማረ ያልሆነ ባለ ሪም አገልግሎቱን ራሱ ሊፈጽም ስለማይችል፣ ከምርቱ ጥቂት ከፍሎ ሌላ ደብተራ በቦታው ያቆማል፤ የቀረውን ለራሱ ያስቀራል። እንግዲህ ንጉሡ ለታቦት የሰጠው መሬት ቀስ በቀስ ከሊቁ እጅ ወደ ባላባቱ ጎተራ ይፈስ ነበር ማለት ነው። ድጓውን የሚያውቀው ሰው ለባለ ሪሙ ምንደኛ ሆኖ ቀረ። የመንግሥት ርዳታ በመሬት መሰጠቱ ዕድሜው እንዲረዝም አድርጎታል፤ ተቆጣጣሪ የሌለበት መሆኑ ግን የታሰበለትን ሰው እንዲስት አደረገው።

መምህሩም ድርሻ ሲኖረው የሚያገኘው በመምህርነቱ አይደለም፤ በመሪጌትነቱ ወይም በሌላ የደብር ማዕርጉ ነው። ለማስተማሩ የሚከፈል ደመወዝ የለም። አንድ ተማሪ ያለው መሪጌታና መቶ ተማሪ ያለው መሪጌታ፣ ደብራቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ኑሯቸው አንድ ነው። ከተማሪውም ክፍያ አይቀበልም፤ ዕውቀት በዋጋ አይሸጥም የሚለው እምነት ጽኑ ነበርና። ተማሪው ለየኔታ የሚያደርገው የጉልበት አገልግሎት ነው፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በእርሻና በአጨዳ ጊዜ ይረዳል፣ ጎጆውን ይከድናል። ይህ የጉልበት ሥራ መሬቱ የነጠፈበትን መምህር ብዙ ጊዜ ከችግር አድኖታል።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ስም ራሱ የምግቡን ታሪክ ይናገራል። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ፣ አንዳንዴም ሳያስፈቅድ ጠፍቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይሄዳል። ከተወለደበት ርቆ መማሩ ልማድ ነው፤ ዘመድ በቀረበበት አገር ትምህርት አይገባም ይባላልና። በደረሰበት ደብር አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ቀን በተወሰነ ሰዓት ወደ መንደር ወርዶ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል። ቁራሽ እንጀራ፣ ጥሬ፣ ቆሎ፣ በሶ ያገኛል፤ የገበሬውን ውሻም ይታገላል። የለመነውን ይዞ ሲመለስ ለታመመውና ለደከመው ጓደኛው ያካፍላል። በትልልቅ ጉባኤ ቤቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው አለቃ መርጠው፣ የልመናውን መንደር ተከፋፍለው፣ ጥፋተኛውን የሚቀጡበት ሥርዓት ነበራቸው።

ይህን ልመና ተራ ልመና አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የሚሰጠው ገበሬ ድኻ ቢሆንም መስጠቱን እንደ ግዴታ ያየዋል፤ የሚለምነውም ልጅ ነገ አባቱን የሚቀድስለት፣ ልጁን ፊደል የሚያስቈጥርለት እንደ ሆነ ያውቃል። የባላባት ልጅም ቢሆን ለመማር ከወጣ ይለምናል፤ መለመኑ የትሕትና ትምህርት ክፍል ነውና። እንግዲህ ከድጓ ቤቱ ወጪ ትልቁን ድርሻ የከፈለው ግብሩን ለቤተ መንግሥት ወይም ለደብር ከፍሎ የጨረሰው ያው ገበሬ ነው፤ እርሱም የከፈለው ከተረፈው ገብስ ላይ ነው። የተማሪው ቍጥር ከመኸሩ ጋር ይወጣና ይወርድ የነበረውም ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ተማሪ ይበዛል፤ ጎተራ ሲራቈት ደግሞ ወደ ሌላ አገር ይበተናል።

የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ሲውል የተማሪ በዓል የሚባለውም ከዚሁ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎቹ አስቀድመው እህሉን ለምነው ያጠራቅማሉ፤ ጠላ ያስጠምቃሉ፤ በዓመት አንድ ቀን እነርሱ ጋባዥ፣ መምህራቸውና የመንደሩ ሰው ተጋባዥ ይሆናሉ። በዚህ ቀን ሙልሙሉ ለልጆች ሁሉ ይደርሳል። የበጌምድር ዋና ከተማ በነበረችው በደብረ ታቦር ደግሞ የበዓሉ ስምና የከተማው ስም አንድ መሆኑ ለቀኑ ልዩ ክብር ይሰጠዋል።

የመንግሥት መሬት የደረሰው ለአንድ ሃይማኖት ብቻ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በበጌምድርና በወሎ የነበሩ የእስላም ልጆች ቍርኣን የሚማሩባቸው ቤቶች ጉልት አልተሰጣቸውም፤ መምህሩን ያኖረው የሰፈሩ ሰው ነው። ከዚህም በላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ እስላሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በታዘዙበት ጊዜ፣ እነዚህ ቤቶች ርዳታ ማጣት ብቻ ሳይሆን ስደትም ደርሶባቸዋል።

ደብረ ታቦር ከተማ ሆና የተመሠረተችው በየጁው ራስ ጉግሣ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው። የጎንደር ነገሥታት ስማቸው ብቻ ሲቀር፣ ሥልጣኑ ከራሶቹ ጋር ወደ ደብረ ታቦር መጣ፤ ከሥልጣኑም ጋር የአድባራቱ ጠባቂነት መጣ። ሊቃውንት ግብር ወደሚበላበት ቦታ መሰብሰባቸው የታወቀ ነው፤ ድግሱና ሹመቱ ከመሬቱ ቀጥሎ ሁለተኛው የመንግሥት ርዳታ ነበር። በማሕሌቱ የተደነቀ ደብተራ ካባ ይሸለማል፣ በቅኔው የተደነቀ የአንድ ደብር አለቃ ይሆናል። በአቋቋም ትምህርት የተክሌ የሚባለው ስልት ከደብረ ታቦር ጋር መያያዙም የሚታወቅ ነው። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና አዲሱን ስልት ባወጡ ጊዜ የጎንደር ካህናት እንዳልተቀበሏቸው፣ ልጃቸው ተክሌ ግን በደብረ ታቦር አስተምሮ እንዳስፋፋው ይነገራል። አንዱ ደብር የነቀፈውን ሌላው ደብር ለማስተማር መቻሉ፣ ትምህርቱን ከላይ ሆኖ የሚወስን የመንግሥት ሹም ያልነበረበትን ዘመን ያመለክታል።

ይህን አሮጌ ሥርዓት በመጀመሪያ በብርቱ የነቀነቀው አፄ ቴዎድሮስ ነው። በየካቲት 1847 ዓ. ም. ሲነግሥ የበጌምድር መሬት በጉልትና በሪም ተይዞ፣ ወታደሩን የሚቀልብበት ያጣ መንግሥት አገኘ። እንግሊዞች በሕንድ ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ መስጠት በፈቀዱ በማግሥቱ ዓመት የነገሠው ይህ ንጉሥ፣ በአገሩ ለካህናት የተሰጠውን ለመመለስ መነሣቱ ልብ ሊባል የሚገባ ነው። ከካህናቱ ጋር ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1852 ዓ. ም. ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብሎ ለእነርሱ የሚሆን መሬት አስቀርቶ፣ ትርፍ ነው ያለውን ወሰደ።

በሁለት ቄስና በሦስት ዲያቆን መቀደስ ይቻላል፤ ይህ በሥርዓት የታወቀ የልኡካን ቍጥር ነው። ማሕሌት መቆም ግን አይቻልም። በንጉሡ ሒሳብ ውስጥ መሪጌታው፣ ደብተራው፣ የድጓና የቅኔ መምህሩ ቦታ አልነበራቸውም። ቴዎድሮስ የቄስ ጠላት ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን አያስተውሉትም፤ ጉዳቱ የከፋው በቀዳሹ ላይ ሳይሆን በአስተማሪው ላይ ነው። ንጉሡ ትምህርት ጠልቶ እንዳልሆነ ደግሞ ሌላው ሥራው ይመሰክራል። ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰብስቦ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሰጥቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ. ም. ወስዷቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሄደዋል።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቃ በምትገኘው በጋፋት ደግሞ ቴዎድሮስ ሌላ ዓይነት የሃይማኖት ሰዎች ሰብስቦ ነበር። እነዚህ በስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን፣ ቫልድማየር፣ ዛልሚውለር፣ ቤንደርና ሌሎችም፣ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ሲሆን ንጉሡ የፈለጋቸው ለእጃቸው ጥበብ ነው። ቦታና ሠራተኛ ሰጥቶ ምግባቸውን ቻለ፤ መድፍና መንገድ አሠራቸው። በጋፋትም ወጣቶች ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚሁ ቦታ ነው። ስለዚህ በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ፣ መንግሥት ከድጓ መምህሩ መሬት ሲነሣና ለሚስዮኑ መምህር ቀለብ ሲሰፍር ይታያል። ርዳታው የተሰጠው ለሃይማኖቱ ሳይሆን ለመድፉ ስለ ነበረ ግን ሥር አልሰደደም፤ ንጉሡ በመቅደላ ሲሞት ሚስዮናውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ትምህርት ቤቱም ቀረ።

ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት አፄ ዮሐንስ ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገው ለካህናት ቸርነት አሳዩ፤ ለቤተ ክርስቲያንም መሬት ሰጡ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሰላም አልነበረም። በጥር 1880 ዓ. ም. ደርቡሾች ጎንደርን ገብተው አድባራቱን አቃጠሉ፤ ወዲያውም ክፉ ቀን የሚባለው የከብት እልቂትና ረኀብ ተከተለ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም፤ ያላረሰ ገበሬ ለተማሪ አይሰጥም። በዚህ ጊዜ የመምህሩ ሪምም ሆነ የተማሪው አኩፋዳ እኩል ባዶ ሆኑ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤት አዲስ መንገድ አመጣ። በደመወዝ የሚያስተምር መምህር፣ በመንግሥት ወጪ የሚማር ተማሪ በዚህ ታየ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የአውሮፓን ትምህርት እንዳይቃወሙ ከግብጽ የመጡ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን መምህራን መቀጠራቸው፣ መንግሥት ገና ከቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ውጭ ትምህርት ለማቆም አለመድፈሩን ያሳያል። በበጌምድር ግን ይህ ለጊዜው ብዙ ለውጥ አላመጣም። የአውራጃው ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ. ም. በአንቺም ጦርነት እስከ ሞቱ ድረስ ደብረ ታቦር በአሮጌው ልማድ ትኖር ነበር። ከጠላት ወረራ በፊት የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሚስዮን በከተማዪቱ ሥራ ሲጀምር ነው ሌላ ዓይነት ትምህርትና ሕክምና ጐን ለጐን መታየት የጀመረው።

ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. አገሩን በያዙ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ በእውነተኛው የቅኝ አገዛዝ ሥርዓት የሃይማኖት ርዳታ ምን እንደሚመስል አየች። ገዥዎቹ ትምህርትን በዘር ከፈሉት፤ የኢጣሊያ ያልሆኑትን ሚስዮኖች አስወጡ፤ የካቶሊክ ሚስዮኖችን አስገቡ። እስላሞችን ወደ እነርሱ ለማቅረብ መስጊድ አሠሩ፣ የዐረብኛና የቍርኣን ትምህርትን ረዱ። ኦርቶዶክሳዊቱን ቤተ ክርስቲያን በአንድ በኩል በግንቦት 1929 ዓ. ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን በመፍጀት አስፈራሩ፤ በሌላ በኩል ከእስክንድርያ መንበር ለይተው አቡነ አብርሃምን በራሳቸው ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ አደረጉ፣ ለታዘዟቸውም ካህናት ገንዘብ ሰጡ። ይህ ርዳታ እንደ ጎንደር ነገሥታት ጸሎት አይጠይቅም፤ እንደ እንግሊዞችም የተማሪ ቍጥር አይጠይቅም። የሚጠይቀው መታዘዝን ነው። የሚሰጠውም በሊራ ስለ ነበረ ያልታዘዘው ካህን ወዲያው ሊከለከል ይችል ነበር፤ መሬት ግን እንደዚህ በአንድ ቀን አይነሣም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ. ም. ጎንደር ነጻ ስትወጣ ይህ ሥርዓት አበቃ።

ከነጻነት በኋላ የወጡት ሦስት ሕጎች የጋይንትን ትምህርት ቤቶች በተዘዋዋሪ ነክተዋል። የመጀመሪያው ኅዳር 21 ቀን 1935 ዓ. ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ ነው። በዚህ ደንብ የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር ተወስኖ ለቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ግምጃ ቤት እንዲገባ ሆነ፤ የካህናቱም የዳኝነት ሥልጣን በመንፈሳዊ ነገር ብቻ ተወሰነ። በየደብሩ ተበታትኖ የነበረው ሀብት ወደ አንድ ማዕከል መሳቡ ለአስተዳደር ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን ድጓ ቤቱ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 21 ቀን 1936 ዓ. ም. የሚስዮኖችን ሥራ የወሰነው ድንጋጌ ሲሆን፣ አገሩን ለስብከት ክፍት የሆነ ክልልና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ብሎ ለየ። በቤተ ክርስቲያን ክልል ሚስዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ ሃይማኖቱን ግን ሊያስተምር አይችልም። በጌምድር ከቤተ ክርስቲያን ክልል ስለ ነበረ ድንጋጌው ለአድባራቱ እንደ አጥር ሆነ። እንጀራ ግን አልሆነም።

ሦስተኛውና ለገበሬው እጅግ የቀረበው በኅዳር 1940 ዓ. ም. የታወጀው የትምህርት ግብር ነው። ባለ መሬት ሁሉ ከመሬት ግብሩ ጋር ለትምህርት እንዲከፍል፣ ገንዘቡም ለየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በዚያን ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በከተማ ነው፤ የጉና ግርጌ ገበሬ ልጁን ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ለመላክ የሚችለው ከስንት አንዱ ነበር። እንግዲህ ይህ ገበሬ በአንድ ገብስ ሁለት ትምህርት ቤት ይመግብ ጀመር፤ አንዱን በግብር ተገድዶ፣ ሁለተኛውን በደጁ ለቆመው ተማሪ በፈቃዱ። የመጀመሪያውን አላየውም፤ ሁለተኛውን በየቀኑ ያየዋል።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ግን ፈጽሞ የተለያዩ አልነበሩም። የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛንና ግብረ ገብን እንዲያስተምሩ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን በደመወዝ ቀጠረ። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሮና ዳዊት ደግሞ የመጣ ልጅም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለመግባት ቀለለው። መንግሥት ለቄስ ትምህርት ቤቱ ሳይከፍል ከሥራው ተጠቀመ። የቅኔና የድጓ ወንበር የሚጠብቀው ሊቅ ግን በወር ደመወዝ የሚከፈለውን የቀድሞ ተማሪውን እያየ ይቀመጥ ነበር፤ ይህም ከየትኛውም ዐዋጅ ይበልጥ ጉባኤ ቤቱን ሳያጐድለው አልቀረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ጉልትም ሪምም ሰሞንም በአንድ ቀን ሕጋዊ መሠረታቸውን አጡ። ለመሬቱ ካሣ አልተከፈለም። በዐዋጁ መሠረት መሬት የሚሰጠው ራሱ ለሚያርስ ሰው ስለ ሆነ፣ መሪጌታው የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ ድርሻውን ማረስ ወይም ያለ መሬት መቅረት ነበረበት። ከሌላ አገር መጥቶ ወንበር የዘረጋ መምህር ደግሞ በቀዬው ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ቴዎድሮስ በ1852 ዓ. ም. የጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ ይህኛው ግን ለሁለቱ ቄስና ለሦስቱ ዲያቆን የተለየ መሬት እንኳ አላስቀረም። ወታደራዊው መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥቂት ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ ገንዘቡ የሚሄደው ግን ወደ ጠቅላይ ቤተ ክህነት ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ያልወደቀችው፣ ከዐዋጁ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ. ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ስለ ነበረ ነው። ምእመናን በየአጥቢያቸው አባል ሆነው ዓመታዊ አስተዋፅኦ መክፈል ጀመሩ። ይህ ገንዘብ በከተማ በዛ፤ በገጠር አነሰ። ታላላቆቹ የምስክር ቤቶች ያሉት ደግሞ በገጠር ነው። ስለዚህ ከመላው አገር ተማሪ የሚቀበለው ጉባኤ ቤት ወጪው የአንዲት ድኻ አጥቢያ ዕዳ ሆኖ ቀረ።

በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ፤ በአንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ደነገገ። ከጎንደር ነገሥታት ጀምሮ በብዙ መልክ የተለዋወጠው የመንግሥት ርዳታ በሕግ መሠረት የሚቀጥልበት መንገድ አልቀረም። በተጓዳኝ ግን ሌላ ዓይነት ረጂ ተነሣ። በ1984 ዓ. ም. የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎች የምእመናን ማኅበራት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ለአብነት ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ደመወዝ፣ ለተማሪ ልብስና መኖሪያ የሚሆን ርዳታ ይሰጣሉ። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ሰው የጉናን ገበሬ ያህል በየቀኑ ተማሪውን አያየውም፤ ስለዚህ የተማሪውን ቍጥር፣ የሚማረውን የትምህርት ዓይነት፣ ገንዘቡ የዋለበትን ነገር በጽሑፍ ማወቅ ይፈልጋል። የኔታ ለዘመናት ያልነበረባቸው የስም መዝገብ መያዝ በዚህ መንገድ ወደ ጉባኤ ቤቱ ገባ፤ ገበሬው ግን ለሰጠው ቁራሽ ዛሬም መዝገብ አይጠይቅም።